ከቆጠራ ውጭ የነበረው መሬት፦ የአሜሪካ የመኪና ማቆሚያና የሕፃናት ደህንነት

የአሜሪካ ከተሞች መኪናን ከመንገድ ዳር አንስተው ለብቻው የሚቆምበት ቦታ ማዘጋጀት የጀመሩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቺካጎ የሚገኘው የላሳል ሆቴል በ1918 ያሠራው ባለ ብዙ ፎቅ ጋራዥ ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፣ የፈረሰውም በ2005 ነው። በ1923 ኮሎምበስ የተባለችው የኦሃዮ ከተማ አዲስ የሚሠራ አፓርታማ የራሱ ማቆሚያ እንዲኖረው ደንብ አወጣች። በጁላይ 1935 ደግሞ ኦክላሆማ ሲቲ በሳንቲም የሚሠራውን የማቆሚያ ቆጣሪ በመንገዷ ዳር ተከለች። እነዚህ ሁሉ የታሰቡት ለመኪናው ነው። ከመኪናው የወረደው ሰው በየት በኩል አልፎ እንደሚሄድ ያሰበበት አልነበረም።

ይህ ሳይታሰብ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ጋራዦች ደንበኛው መኪናውን በር ላይ ለሠራተኛ አስረክቦ ይሄድ ነበር፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባው፣ አጠጋግቶ የሚያቆመውና መልሶ የሚያወጣው ሠራተኛው ነው። እናት ልጇን ይዛ በሚንቀሳቀሱ መኪኖች መካከል የምታልፍበት አጋጣሚ እምብዛም አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የሠራተኛ ወጪ ከበደና ባለ ጋራዦቹ አሽከርካሪው ራሱ ገብቶ እንዲያቆም ማድረግን መረጡ። የቀድሞው አሠራር ፈጽሞ አልጠፋም። በዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ ቁልፍ ተቀብሎ መኪና የሚያቆም ሠራተኛ ዛሬም አለ፤ ሥራውም ለብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የመጀመሪያ እንጀራቸው ሆኖ ቆይቷል።

አሽከርካሪው ራሱ የሚያቆምበት አሠራር የነገሠው ገበያው ወደ ከተማ ዳርቻ ሲወጣ ነው። ሲልቫን ጎልድማን በ1937 ኦክላሆማ ሲቲ በሚገኙት መደብሮቹ ያስገባው የሚገፋ የዕቃ ጋሪ ሸማቹ ክንዱ ከሚችለው በላይ እንዲገዛ አስችሎት ነበር፤ ያን ሁሉ ዕቃ መኪናው ድረስ እየገፉ መውሰድም ልማድ ሆነ። በ1956 በሚኒሶታ የተከፈተው ሳውዝዴል፣ ሁለመናው በአንድ ጣሪያ ሥር የሆነ የመጀመሪያው ዘመናዊ የገበያ ማዕከል፣ ከ5,000 በላይ መኪኖች በሚይዝ ሜዳ የተከበበ ነበር። ንድፉን የሠራው የቪየናው ተወላጅ ቪክቶር ግሩን እግረኛ ያለ ስጋት የሚዘዋወርበትን የአውሮፓ አደባባይ አሜሪካ ውስጥ ለመፍጠር ይመኝ ነበር። ሕንፃው ውስጥ ተሳክቶለታል። አደባባዩ ላይ ለመድረስ ግን መጀመሪያ አስፋልቱን ማቋረጥ ግድ ነው፤ ግሩን ራሱም በኋለኛው ዘመኑ እነዚህን ሜዳዎች አምርሮ ነቅፏል። ከሳውዝዴል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተከፈተው የመዝናኛ ፓርክ ዲዝኒላንድ ጉዳዩ ቀድሞ የገባው ይመስላል። 12,000 ያህል መኪና የሚይዘውን ሜዳውን በተረት ገጸ ባሕርያት ስም ከፋፍሎ፣ ቤተሰቦችን ከመኪናቸው እስከ መግቢያው በተሳቢ ተሽከርካሪ ያመላልስ ነበር። ተራው መደብር ግን ይህን ወጪ አልሞከረውም።

የሜዳው አሠራር አደጋውን በውስጡ የያዘ ነው። በሁለት የመኪና ረድፎች መካከል ያለው መተላለፊያ የመኪና መንገድም የእግረኛ መንገድም ነው። መኪኖቹ በአብዛኛው በፊታቸው ገብተው ስለሚቆሙ ሲወጡ የኋላ ማርሽ ማስገባት አለባቸው፤ የሚያፈገፍጉትም እግረኛው ወደሚሄድበት ነው። አዋቂ ሰው የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚበራውን ነጭ መብራት አይቶ ይቆማል፣ ቁመቱም ከኋላ መስታወቱ በላይ ስለሆነ ይታያል። የሁለት ዓመት ሕፃን ግን ቁመቱ 85 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ወላጅ ዕቃ ለመጫን የልጁን እጅ የሚለቅበት ቅጽበትም የሚያጋጥመው እዚያው መተላለፊያው ላይ፣ ከመኪናው ጀርባ ነው።

ይህ ሁሉ አደጋ ለአሠርት ዓመታት በመንግሥት ቁጥሮች ውስጥ አልነበረም። ማቆሚያው የግል ይዞታ ነው። የአሜሪካ የመኪና ደህንነት ሕግ በ1966 ወጥቶ፣ ከ1975 ጀምሮ የትራፊክ ሞት በአገር ደረጃ ሲመዘገብ መዝገቡ የያዘው በሕዝብ መንገድ ላይ የደረሰውን ብቻ ነበር። በገበያ ማዕከል ሜዳ ወይም በመኖሪያ ግቢ የተገጨ ሕፃን ለሕክምናው ዓለም የአደጋ ሰለባ ሲሆን፣ ለትራፊክ መዝገብ ግን እንዳልነበረ ነው። መኪና ሠሪዎችን የሚያስገድዱ ደንቦች በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ስለሚወጡ፣ ያልተቆጠረው አደጋ ደንብም አላገኘም።

አሽከርካሪው ወደ ኋላ የሚያይበት መሣሪያም ለረጅም ጊዜ ስፖኪዮ ብቻ ነበር። ሬይ ሃሩን በ1911 የኢንዲያናፖሊስን ውድድር ያሸነፈው ስፖኪዮ በተገጠመለት መኪና ነው፤ ዓላማውም ከኋላ የሚመጡትን ተወዳዳሪዎች ማየት ነበር። መስታወቱ ለዚህ ይበቃል፤ ከፓራውልቱ ሥር ያለውን ግን አያሳይም። መፍትሔው ራሱ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም። ሳውዝዴል በተከፈተበት በዚያው 1956 ቡዊክ ለትርኢት ያቀረበው ሴንቱሪዮን በስፖኪዮ ፈንታ የቴሌቪዥን ካሜራ ነበረው። ለገበያ የሚቀርብ መኪና ላይ ካሜራ መታየት የጀመረው ግን ብዙ ቆይቶ በጃፓን ሲሆን፣ በአሜሪካ ገበያ ኢንፊኒቲ ኪው45 ይዞት የመጣው በ2002 ሞዴሉ ነው። በመሀሉ በ1990ዎቹ አሜሪካዊ ቤተሰብ ዝቅ ያለውን መኪና እየተወ ከፍ ወዳለው ኤስዩቪ ተዛውሯል። የተመረጠውም ለቤተሰብ ደህንነት ይሻላል በሚል ነበር፤ ከፍታው ግን ከኋላ ያለውን የማይታይ ክልል አስረዘመው።

ለውጡን ያመጡት ወላጆች ናቸው። በ2002 በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ የሁለት ዓመቱ ካሜሮን ጉልብራንሰን በገዛ ቤቱ ግቢ፣ የሕፃናት ሐኪም የሆነው አባቱ ኤስዩቪ ወደ ኋላ ሲያስገባ ተገጭቶ ሞተ። አባትየውና መሰል ሐዘን የደረሰባቸው ቤተሰቦች ኪድስ ኤንድ ካርስ ከተባለው ድርጅት ጋር ሆነው ምክር ቤቱን ለዓመታት ወተወቱ። በልጁ ስም የተሰየመውን ሕግ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2008 ፈረሙ። የብሔራዊ አውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር የኋላ ዕይታ ደንብ በ3 ዓመት ውስጥ እንዲያወጣ ታዘዘ። ቀኑ ግን ደጋግሞ ተራዘመ፤ ክርክሩም ስለ ዋጋ ነበር። ስክሪን ለሌለው መኪና ካሜራና ስክሪን መግጠም 140 ዶላር ገደማ፣ ስክሪን ላለው ደግሞ 45 ዶላር ገደማ እንደሚፈጅ ተሰላ። በ2013 ወላጆችና የሸማች ማኅበራት መንግሥትን ፍርድ ቤት ገተሩ፤ ደንቡም በማርች 31 ቀን 2014 ወጣ።

ደንቡ ከመኪናው በስተኋላ 3 ሜትር ስፋትና 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቦታ ለአሽከርካሪው እንዲታይ፣ ምስሉም የኋላ ማርሽ በገባ በ2 ሰከንድ ውስጥ እንዲመጣ ያዛል። ከሜይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚመረት ከ4,536 ኪሎ የማይበልጥ መኪና ሁሉ ይህን ማሟላት ግዴታው ሆነ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 ለአዳዲስ ሞዴሎች፣ በ2024 ለአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ተቀራራቢ ግዴታ አወጣ።

የ2008ቱ የአሜሪካ ሕግ ከካሜራው ባልተናነሰ ያስገኘው ነገር ቆጠራው ነው። ከሕዝብ መንገድ ውጭ የሚደርስ አደጋ ራሱን የቻለ መዝገብ እንዲኖረው አዘዘ። ደንቡ ሲወጣ የቀረበው ግምት ወደ ኋላ በሚሄድ መኪና በዓመት 210 ሰው እንደሚሞትና 15,000 ያህል እንደሚጎዳ፣ ከሟቾቹ 31 በመቶው ከ5 ዓመት በታች፣ 26 በመቶው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ እንደሆኑ አሳየ። የአዛውንቶቹ ቁጥር ይህን ያህል መሆኑ ትኩረት ይገባው ነበር፤ ዘመቻው ግን በሕፃናት ስም ስለተካሄደ ብዙም አልተነገረለትም።

በቆመ መኪና ውስጥ ያለው አደጋ በሌላ መንገድ ተሄደበት። በ1998 በጋ 11 ሕፃናት ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተቆልፈው ከሞቱ በኋላ፣ ከሴፕቴምበር 2001 ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች ዕቃ መጫኛውን ከውስጥ የሚከፍት፣ በጨለማ የሚታይ እጀታ ኖራቸው። ከሴፕቴምበር 2010 ወዲህ ደግሞ ፍሬን ሳይረገጥ ማርሽ ከፓርክ እንዳይወጣ ተደረገ፤ መሪ ላይ ተቀምጦ የሚጫወት ልጅ መኪናውን እንዳያስለቅቀው ነው። በቆመ መኪና ውስጥ የሚከማቸው ሙቀት ግን አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የፊት ኤርባግ ሕፃናትን እንደሚጎዳ ሲታወቅ ልጆች ወደ ኋላ ወንበር ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ በማቆሚያ የተረሳ ሕፃን ሞት መበርከቱ ታየ፤ ከ1998 ጀምሮ በተያዘው ቆጠራ በሙቀት የሚሞቱት ሕፃናት በአማካይ በዓመት 37 ያህል ናቸው። ዋነኞቹ መኪና ሠሪዎች በ2019 የኋላ ወንበር ማስታወሻ ለመግጠም በፈቃዳቸው ቃል ገቡ፤ በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግም በጉዳዩ ላይ ደንብ እንዲወጣ አዘዘ።

የ2014ቱ ደንብ የሚመለከተው የመኪናውን ጀርባ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የፒካፕና የኤስዩቪ ኮፈን ከፍታ እየጨመረ በመሄዱ፣ ከመኪናው ፊት ለፊት ቆሞ ከኮፈኑ በታች የሚቀር ሕፃን ወላጆችን አዲስ ሙግት ውስጥ አስገብቷል። የፊት ካሜራን አንዳንድ መኪና ሠሪዎች በገዛ ፈቃዳቸው ይገጥሙታል፤ በ2014ቱ ደንብ ግን ግዴታ አይደለም።