በባሌ ተራሮች ጅረቶች ትራውት ዓሣ ማጥመድ፦ ለዕረፍት ለሚጓዙ የተዘጋጀ መረጃ

መግቢያ

በሀገራችን ዓሣ ማጥመድ በአብዛኛው የሚታወቀው በጣና፣ በዝዋይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖች መተዳደሪያ በመሆኑ ነው። በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ጅረቶች ዳር ዘንግና ክር ይዘው የሚታዩ ሰዎች ግን ወደዚያ የሚሄዱት ለገበያ ሳይሆን ለዕረፍት ነው። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ የመዝናኛ ዘዴ መሞከር ለሚፈልጉ ዜጎችና ጎብኚዎች ስለ ዓሣው፣ ስለ ቦታው፣ ከጉዞ በፊት ስለሚያስፈልገው ዝግጅት እና በወንዙ ዳር መደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ ጠቅለል ያለ መረጃ ይሰጣል።

ዓሣው ከየት መጣ?

ትራውት የኢትዮጵያ ተወላጅ ዓሣ አይደለም። በባሌ የሚታወቁት ሁለት ዝርያዎች ሲሆኑ፣ ቡናማው ትራውት በመነሻው የአውሮፓና የአካባቢዋ፣ ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል የመጣ ነው። ሁለቱም አስቀድመው ወደ ኬንያ ደጋማ ወንዞች ከገቡ በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጫጩቶቻቸው ከኬንያ መጥተው እንደ ዌይብ፣ ዳንካና ሻያ ባሉት የባሌ ወንዞች ተለቀዋል።

ዓሣው በዚያ ሊላመድ የቻለው ውኃው ቀዝቃዛና ንጹሕ በመሆኑ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃት ውኃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል፤ በድንጋዮች መካከል እየተጋጨ የሚወርድ ጅረት ደግሞ ከአየር ጋር ዘወትር ስለሚቀላቀል ኦክስጅኑ ይታደሳል። ትራውት የሚስማማው ሙቀት በአመዛኙ ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ውኃው ወደ 25 ዲግሪ ሲቃረብ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። በመሆኑም በቆላ ወንዞችና በሞቃታማ ሐይቆች አይገኝም።

ለምን ለዕረፍት ይመረጣል?

ትራውት ጥላ፣ ድምፅና የእግር ንዝረት ፈጥኖ የሚያውቅ ጠንቃቃ ዓሣ ነው። የሚመጣለትን ምግብ ለመቀበል ፊቱን ወደ ወንዙ መነሻ አዙሮ ይቆማል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አጥማጆች ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላው በኩል በቀስታ ይጠጋሉ፤ ፀሐይ ጥላቸውን በውኃው ላይ እንዳትጥልም ይጠነቀቃሉ። ምግቡ በአብዛኛው የውኃ ውስጥ ነፍሳት በመሆናቸው፣ በላባና በክር የተሠራ ነፍሳትን የሚመስል መንጠቆ ይጠቀማሉ።

ይህ ሁሉ ዝምታንና ትዕግሥትን ይጠይቃል። ከሥራ ጫናና ከከተማ ግርግር የወጣ ሰው ውኃው ምን እንደሚያደርግ፣ ድንጋዩ ከየት ጀምሮ እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው ነፍሳት እንደሚበር ሲያስተውል ሰዓቱ ሳይታወቀው ያልፋል። ምንም ሳይዝ የተመለሰ ሰው እንኳ ቀኑ በከንቱ አለፈ የማይለው ለዚህ ነው።

ከጉዞ በፊት

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በዲንሾ ይገኛል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደ ጅረቶቹ የሚሄድ ማንኛውም ሰው የሚከተሉትን ሊያስብ ይገባል።

• ፈቃድ፦ በፓርኩ ክልል ውስጥ የሚገኝ ወንዝ ላይ ከመውረድ አስቀድሞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቀርቦ ማጥመድ የሚፈቀድ መሆኑን፣ የትኛው ወንዝ ክፍት እንደሆነና ምን ያህል ዓሣ መያዝ እንደሚቻል መጠየቅ ያስፈልጋል። ከፓርኩ ውጭ ባሉ ወንዞች ደግሞ የወረዳውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይመከራል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚመራ ነው።

• ወቅት፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ በአመዛኙ ደረቅ በመሆኑ ወንዞቹ ጎድለው ይጠራሉ። በዝናብ ወራት ውኃው ይደፈርሳል፤ ከላይ በጣለ ዝናብም በድንገት ሊሞላ ይችላል።

• ልብስና ጤና፦ ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሙቀት የሚጠብቅ ልብስና የሚቀየር ደረቅ ካልሲ መያዝ፣ በመጀመሪያው ቀንም ብዙ አለመድከም ይጠቅማል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከበረታ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ያስፈልጋል።

• አስጎብኚ፦ የአካባቢውን ተወላጅ አስጎብኚ ይዞ መሄድ መንገዱን ከማቅለሉም በላይ ለአካባቢው ነዋሪ ገቢ ይሆናል።

በወንዙ ዳር መደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ከሁሉ በላይ ሊታወስ የሚገባው፣ ትራውት በእነዚህ ወንዞች እንግዳ መሆኑ ነው። ቡናማውም ሆነ ቀስተ ደመናው ትራውት በዓለም አቀፍ ደረጃ እጅግ ጎጂ ተብለው ከተዘረዘሩ 100 ወራሪ መጤ ዝርያዎች መካከል ይገኛሉ። ነፍሳትን፣ ትንንሽ ዓሣዎችንና የእንቁራሪት እጮችን ይመገባል። የባሌ ተራሮች ደግሞ በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ የእንቁራሪት ዝርያዎች መኖሪያ ናቸው።

ስለሆነም በሕይወት ያለ ትራውት ወይም እንቁላሉን ይዞ ወደ ሌላ ጅረት፣ ኩሬ ወይም ግድብ መውሰድና መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። ይህ በብዙዎች ዘንድ በጎ ሥራ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ «ዓሣው ይርባ፣ ለሌላውም ይድረስ» የሚል ቅን ሐሳብ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን መጤ ዓሣ አንዴ ከገባበት ወንዝ መልሶ ማውጣት እጅግ አዳጋች ነው። በአንድ ባልዲ የተፈጸመ ስሕተት በትውልድ ላይታረም ይችላል።

በተጨማሪም፦

• ቦት ጫማና መረብ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ከመወሰዳቸው በፊት ታጥበው በፀሐይ ሊደርቁ ይገባል።
• መልሶ የሚለቀቅ ዓሣ በረጠበ እጅ ይያዛል፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን ከበሽታ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋን ያነሣል። ከውኃ ውጭ የሚቆየውም ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ሊሆን ይገባል።
• ለምግብ የሚያዘው ሊበላ የሚችለው ያህል ብቻ ይሁን። የዓሣው ሆድ ዕቃ ወደ ወንዙ አይጣልም።
• የተበጠሰ የናይለን ክር ተሰብስቦ ይመለሳል፤ በሣር ውስጥ ከቀረ የከብትና የአእዋፍ እግር ያንቃል።
• በወንዙ ውስጥ ሳሙና መጠቀም አይገባም።

የመጨረሻው ነጥብ ቀላል መስሎ እንዳይታይ። የዌይብ ወንዝ ከባሌ ከፍታዎች ተነሥቶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ አቋርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። አጥማጁ ለግማሽ ቀን የሚዝናናበት ውኃ፣ ከእርሱ በታች ላለው አርብቶ አደርና ገበሬ የዕለት መጠጥ ነው። በመሆኑም የጎብኚው ዕረፍት የተሟላ የሚሆነው፣ ወንዙን እንዳገኘው ትቶት ሲመለስ ነው።