ረቂቅ ብናኝ

ዕቃ የጫነ አይሱዙ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚያወጣውን ረጅም ዳገት ጥቁር ጢሱን እያስከተለ ሲወጣው የተመለከተ ሰው፣ በበጋም ከባጃጅ ወርዶ ነጠላውን ሲያራግፍ አቧራው ሲቦን ያየ ሰው፣ የከተማ አየር በምን እንደሚታወክ ዓይኑ የነገረው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሳንባን አልፎ እስከ ደም የሚዘልቀው ዓይን ከቶ የማያየው ነው።

ይህን ነገር የውጭ ሊቃውንት «ፓርቲኩሌት ማተር»፣ በአኅጽሮትም «ፒ.ኤም.» ይሉታል። ፒ.ኤም. 2.5 ማለት ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮን፣ ይኸውም ከሚሊ ሜትር ሺህኛ እጅ ሁለት ተኩል፣ የማይበልጡ ቅንጣቶች ሁሉ ማለት ነው። የራስ ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነውና 28ቱ ጎን ለጎን ቢሰለፉ ከአንዲት ጠጉር አያልፉም።

በአማርኛ «አቧራ» ብንለው የሚታየውን ብቻ ይነግረናል፤ «ጢስ» ብንለው ደግሞ ከፍሬን ሸራና ከጎማ ተፍቆ የሚበነውን፣ ነዳጅ የማያቃጥለው የኤሌክትሪክ መኪና እንኳ የማያመልጠውን፣ ይተዋል። በግእዝ ትቢያን የሚያመለክት «ጸበል» የሚባል ቃል አለ፤ ሆኖም በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ጸበል ፈውስ እንጂ ሕማም አይደለምና፣ ያን የከበረ ስም ለዚህ መስጠትን ኅሊናዬ አልፈቀደም። ስለዚህ «ረቂቅ ብናኝ» እላለሁ፤ አበው የሚታየውንና የሚዳሰሰውን ግዙፍ፣ እያለ የማይታየውን ረቂቅ ብለው ለይተዋልና፣ ቃሉ ራሱ ዓይን ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ያስታውቃል።

ልኩ የሚታወቀው በሚዛን ነው። የታወቀ መጠን ያለው አየር በስስ ማጣሪያ ውስጥ 24 ሰዓት እየተሳበ ያልፋል፤ ማጣሪያው ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ተመዝኖ የጨመረው ክብደት ለአየሩ መጠን ሲካፈል፣ በአንድ ሜትር ኩብ ስንት ማይክሮ ግራም እንዳለ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ለዓመቱ አማካይ የወሰነውን 10 ማይክሮ ግራም በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ 5 ዝቅ አድርጎታል። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልኩን በየሰዓቱ ሲያስታውቅ ቆይቶ በ2025 እ.ኤ.አ. ማስታወቁ ቀርቷል፤ ይህ የሚያሳዝን ነው፣ ያልተመዘነ ነገር በክርክር ይቀራልና።

በብርሃን ፍንጥቅታ የሚቆጥሩ ርካሽ መሣሪያዎችም አሉ፤ ነገር ግን በቡሄ ሰሞን ደብረ ታቦርን የሚያለብሰው ጉም የውሃ ጠብታ ነውና፣ መሣሪያው ጠብታውን ከብናኝ ጋር ደምሮ እንዳያሳስት የአየሩን እርጥበት እየለኩ ማረም ይገባል። ደግሞም ከጓዳ ምድጃ የሚወጣው ጢስ ከመንገዱ ብናኝ ጋር ይቀላቀላል። የተሽከርካሪውን ድርሻ ለመለየት የሚሻ ሰው አንዱን መሣሪያ በመናኸሪያው ዳር፣ ሁለተኛውን ከመንገዱ ርቆ በቤተ ክርስቲያን ጽዶች መካከል አቁሞ፣ በተመሳሳይ ሰዓት የተነበቡትን ሁለቱን ቁጥሮች ይቀናንሳል።