ሕዋስ-ተኮር ፍተሻ፦ መድኃኒቱ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይሠራል?

ሕዋስ-ተኮር ፍተሻ፦ አንድ መድኃኒት ቫይረስን መግታት አለመግታቱን በላቦራቶሪ በሚያድጉ ሕያዋን ሕዋሳት ላይ የሚለካ ዘዴ ነው። የላቦራቶሪ ሰዎች «ሴል ቤዝድ አሴይ» ይሉታል።

ቫይረስ ብቻውን አይራባም። ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በሕዋሱ ጓዝ ይባዛል፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ የራሱ የሆኑ ጥቂት ኢንዛይሞች ያስፈልጉታል። ኤች አይ ቪ ሦስት ዋና ዋናዎች አሉት፦ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ፣ ያንን ዲኤንኤ ከሕዋሱ ዲኤንኤ ጋር የሚቀላቅለው ኢንቴግሬዝ፣ ረጃጅም ፕሮቲኖችን እየቆረጠ የሚያዘጋጀው ፕሮቴዝ። ከእነዚህ አንዱን ሥራ የሚያስፈታ መድኃኒት «ኢንዛይም አጋች» ይባላል።

ታዲያ ኢንዛይሙን ለብቻው አውጥቶ በብልቃጥ ከመድኃኒቱ ጋር ማገናኘት ለምን አይበቃም? በኢትዮጵያ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ አብዛኞቹ አዋቂዎች በቀን አንዴ የሚውጡትን ክኒን እንመልከት። ጤና ባለሙያዎች ቲኤልዲ የሚሉት ይህ ክኒን ቴኖፎቪርን፣ ላሚቩዲንንና ዶሉተግራቪርን አጣምሮ ይዟል። ዶሉተግራቪር እንዳለ ሄዶ ኢንቴግሬዝን ያግዳል። ሌሎቹ ሁለቱ ግን እንደተዋጡ ምንም አያግዱም። ሕዋስ ከገቡ በኋላ የሕዋሱ የራሱ ኢንዛይሞች ፎስፌት ሲጨምሩላቸው ነው ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝን የሚያስቆሙት፤ ለቴኖፎቪር ሁለት፣ ለላሚቩዲን ሦስት። በብልቃጥ ብቻ ቢፈተኑ ኖሮ «አይረቡም» ተብለው ይጣሉ ነበር።

የመጀመሪያው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ኤዚቲም የተገኘው በሕዋስ ላይ ነው። ጄሮም ሆርዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1964 ለካንሰር ብሎ ሠራው፤ አልሆነለትም። በ1985 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ሂሮአኪ ሚትሱያና ሳሙኤል ብሮደር ቫይረሱ በሚያጠቃቸው ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ሲፈትኑት ሕዋሳቱ ከሞት ተረፉ። በ1987 ለሕክምና ተፈቀደ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ብዙውን ጊዜ 96 ትናንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሳህን ላይ ሕዋሳት እንዲያድጉ ይደረጋል። ከዚያ ቫይረሱና መጠኑ ደረጃ በደረጃ የሚቀንስ መድኃኒት ይጨመራል። ለማነጻጸሪያም ቫይረስ ብቻ፣ መድኃኒት ብቻ፣ ሁለቱም የሌሉባቸው ጉድጓዶች ይኖራሉ። ሰበታ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የዚህን ሥራ የመጀመሪያ እርከን ለሌላ ዓላማ ይጠቀምበታል፦ የከብቶችን የአፍማዝ ቫይረስ ለመለየት ከሃምስተር ኩላሊት በተገኙ ሕዋሳት ላይ ያሳድገዋል፤ ሕዋሳቱ ሲጎዱም በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ከፍተሻው ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። «ግማሽ-ገቺ መጠን» የቫይረሱን መራባት በግማሽ የሚቀንሰው የመድኃኒት መጠን ነው፤ «ግማሽ-ገዳይ መጠን» ደግሞ የሕዋሳቱን ግማሽ የሚገድለው። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር በበለጠ ቁጥር መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሕዋሱ ለይቶ የመምታት አቅሙ ከፍ ያለ ነው። መግቻው 1፣ መግደያው 100 ከሆነ ተስፋ አለው፤ ሁለቱ ከተቀራረቡ ግን «የጠፋው» ቫይረስ የጠፋው መኖሪያው ስለሞተ ሊሆን ይችላል።

የሕዋሱ ዓይነትም ውጤቱን ይለውጣል። ላቦራቶሪዎች አዘውትረው የሚጠቀሙባቸው ቬሮ የተባሉት ሕዋሳት እ.ኤ.አ. በ1962 ጃፓን ውስጥ ከአፍሪካ ጦጣ ኩላሊት የተገኙ ናቸው። ኢንዛይም አጋች ባይሆንም፣ ለወባ የምናውቀው ክሎሮኪን በ2020 በቬሮ ላይ የኮሮና ቫይረስን ሲገታ ታየ፤ ከሰው ሳንባ በመጡ ሕዋሳት ላይ ግን አልሠራም፤ ቫይረሱ ወደ ሁለቱ የሚገባበት መንገድ ይለያያልና። በተቃራኒው የኮሮናን ፕሮቴዝ የሚያግደው ኒርማትረልቪር በቬሮ ላይ ከአቅሙ በታች ደካማ መስሎ ይታያል፤ ሕዋሳቱ መድኃኒቱን እየገፉ ወደ ውጭ ስለሚያስወጡት ተመራማሪዎች ይህን የሚከለክል ሌላ ውሑድ ይጨምራሉ።

ስለ አማርኛው፦ «ምርመራ» ለታካሚ፣ «ሙከራ» በሰው ላይ ለሚደረገው ክሊኒካዊ ሙከራ የተለመዱ ስለሆኑ «ፍተሻ» ተመርጧል። «ኢንዛይም» በትምህርት ቤት የለመድነው በመሆኑ እንዳለ ቀርቷል።

እንግዲህ «ይህ ቅጠል በላቦራቶሪ ቫይረስ ገደለ» የሚል ዜና ሲመጣ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ በየትኛው ሕዋስ ላይ? በምን ያህል መጠን? ሕዋሱስ ተረፈ? በረኪናም እኮ ሳህን ላይ ቫይረስ ይገድላል፤ ሕዋሱንም ጭምር። ሁሉም መልስ ቢያገኝ እንኳ ፍተሻው የሚናገረው ስለ ሕዋስ ነው፤ ሰውን ማዳኑን የሚያረጋግጠው ክሊኒካዊ ሙከራ ብቻ ነው።