ተለባሽ ሮቦት በእግርና በአከርካሪ ተሃድሶ

ተለባሽ ሮቦት (ኤክሶስኬሌተን) በአብዛኛው ከወገብ እስከ እግር በማሰሪያ የሚለበስ፣ በዳሌና በጉልበት አጠገብ በተገጠሙ ሞተሮች የዛለ ወይም አልታዘዝ ያለ እግርን እያነሣ የሚያራምድ የሕክምና መሣሪያ ነው። በስትሮክ፣ በአከርካሪ አጥንት ጉዳት ወይም በነርቭና በጡንቻ ሕመም መራመድ ላቃታቸው ሰዎች ያገለግላል። ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለምዕራብ ጎጃም ገጠር ጉዳዩ ከሞተሩ በፊት ይጀምራል፤ ማሽኑ የሚቀበለው ያልተኮማተረ መገጣጠሚያና ያልቆሰለ ቆዳ ያለውን ሰው ነውና።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ኒኮላስ ያግን የተባለ ሩሲያዊ መራመድና መሮጥን የሚያግዝ ተለባሽ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1890 በፈጠራ ባለቤትነት አስመዝግቧል። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሠራው ሃርዲማን 680 ኪሎ ገደማ ይመዝን ስለነበር ለሥራ ሳይበቃ ቀርቷል። ለሕሙማን የታሰበውን መንገድ በዋናነት የጠረገው በቤልግሬድ የሚሃይሎ ፑፒን ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ሚዮሚር ቩኮብራቶቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ እግራቸው ለማይሠራ ሰዎች የሚራመድ መሣሪያ ሠርተዋል። በስዊዘርላንድ ባልግሪስት ሆስፒታል የተወለደው ሎኮማት ከትሬድሚል ጋር የተያያዘ ነው፤ ታካሚው በታጠቀው ቀበቶ ከላይ ስለሚያዝ ክብደቱ በከፊል ይቀልለታል። የእስራኤሉን ሪዎክ የፈለሰፈው አሚት ጎፈር እ.ኤ.አ. በ1997 በደረሰበት አደጋ እጅና እግሩ ሽባ የሆነ መሐንዲስ ነው። መሣሪያው ክራንች የሚይዝ እጅ ስለሚፈልግ እሱ ራሱ ሊጠቀምበት አልቻለም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ለሌሎች ሰዎች የቤት አገልግሎት ፈቅዶለታል።

አንድ የልምምድ ጊዜ የሚጀምረው በልኬት ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ የታካሚውን የጭንና የባት ርዝመት ለክቶ ብረቱን ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል። የመሣሪያው ማጠፊያ ከሰውየው ጉልበት ትክክል ካልዋለ ማሰሪያው ቆዳ ይልጣል፤ እግሩ ስሜት የሌለው ታካሚ ደግሞ መላጡን አያውቅም። ስለዚህ ከልምምዱ በፊትም በኋላም ቆዳው ይታያል። ከዚያ ሰውየው በክራንች ተደግፎ ይቆማል፣ ደረቱን ጥቂት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ዳሳሹ ይህን ተረድቶ አንዱን እግር ያነሣል። ከጃፓኑ የጹኩባ ዩኒቨርሲቲ በዮሺዩኪ ሳንካይ የወጣው ሃል አሠራሩ ይለያል። ጡንቻ ሊንቀሳቀስ ሲል የሚፈጥረውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ከቆዳ ላይ አንብቦ የታካሚውን ሐሳብ ያግዛል።

የማሽኑ ዋና ጥቅም ድግግሞሽ ነው። በሁለት ባለሙያ እየተደገፈ የሚራመድ ታካሚ ጥቂት እርምጃ እንደሄደ ደጋፊዎቹም እሱም ይደክማሉ፤ ማሽኑ በአንድ ልምምድ መቶዎችን ያስረግጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የኮክሬን ግምገማ 62 ጥናቶችንና 2,440 የስትሮክ ሕሙማንን አይቶ፣ በማሽን የታገዘ ልምምድ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲሰጥ ያለ ሰው ድጋፍ የመራመድን ዕድል እንደሚጨምር ደምድሟል። ይበልጥ የሚጠቀሙትም ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ወር ያልሞላቸውና ጨርሶ መራመድ ያቃታቸው ናቸው። ሦስት ወር አጭር ጊዜ ነው፤ ከቡሬ ገጠር በቃሬዛ ወጥቶ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ገበሬ ያንን ጊዜ አልጋ ላይ ሊጨርሰው ይችላል።

በአማራ ክልል ለመራመድ ችግር የራሱ ታሪክ ያለው ምክንያት ጓያ ነው። በመረሬ መሬት ላይ በክረምቱ ማብቂያ የሚዘራው ይህ ጥራጥሬ ድርቅ ስለሚችል በክፉ ዘመን የድሃ መትረፊያ ነው። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጎዳል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት በደምቢያና በፎገራ በሽታውን ቤት ለቤት አጥንተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ በደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ ተነሥቷል። ጓያ የሰበረው ሰው እግሩ ይገተራል፣ በጣቶቹ ይረግጣል፣ ጉልበቶቹ እየተጋጩ ይሄዳል። የጉዳቱ ደረጃም የሚለካው ያለ ምርኩዝ፣ በአንድ ምርኩዝ፣ በሁለት ምርኩዝ ወይም በመዳህ መሄዱ ታይቶ ነው። አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ አእምሯቸውና የእግራቸው ስሜት አይነካም፣ ጉዳቱም አይለቅም።

እንዲህ ያለ ታካሚ ከሁሉም ይበልጥ የሚስማማው እንደ ሃል ያለ፣ የራሱን ፈቃድ የሚያግዝ መሣሪያ ይመስላል። መሣሪያው በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2015 ለጡንቻና ለነርቭ ሕመሞች ተፈቅዶ፣ በኋላ እግርን ለሚገትሩ አንዳንድ የኅብለ ሰረሰር ሕመሞችም ተጨምሯል። ይሁንና ጅማቱ ለዓመታት ሳይሳብ ቆይቶ የታጠፈ ጉልበት ወይም ወደ ላይ የተሰቀለ ተረከዝ ማንኛውንም ተለባሽ ሮቦት ይከለክላል። በየቀኑ ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችለው የእግር ማሳሳብ፣ ባለሙያ ካሳየው፣ ይህን ይከላከላል። የምዕራብ ጎጃም ታካሚ ዛሬ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ይህን የሚያሳይ ባለሙያ በአቅራቢያው ማግኘት ነው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በክልሉ ባሕር ዳርና ደሴ ያሉት የአካል ተሃድሶ ማዕከላት ሰው ሠራሽ እግር፣ የእግር ድጋፍና ክራንች ይሰጣሉ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ ያሠለጥናል። ለድጋፉ መገጠም አንድ ጉዞ አይበቃም፤ መለካት፣ መሞከር፣ ማስተካከል፣ ልጅ ሲያድግም መቀየር አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በቀጠለው ግጭት የመንገድ መዘጋት ይህን ምልልስ ይበልጥ አክብዶታል።

ክብደትና ዋጋም አሉ። ሪዎክ 23 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በባትሪ ይሠራል፣ የሚሸጠውም በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው። የተሠራው ለደልዳላ ወለል ስለሆነ በክረምት ጭቃና በታረሰ ማሳ ላይ አይሄድም። ስለዚህ ለአካባቢው የሚስማማው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ተቀምጦ ብዙ ታካሚዎችን በየተራ የሚያለማምድ ማሽን ነው፤ ወደ ቤት የሚወሰደው ቀላሉ የፕላስቲክ ድጋፍ ይሆናል።

ለቁመና መዛባት የሚሠራው የተለባሽ ሮቦት ዘርፍ ገና ወጣት ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሱኒል አግራዋልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ያስተዋወቁት የአከርካሪ ኤክሶስኬሌተን ደረትንና ወገብን በቀለበቶች ይዞ የጀርባን ግትርነት ይለካል፣ በሚፈለገው አቅጣጫም ይገፋል። የታሰበውም እያደጉ ላሉ፣ ጀርባቸው ወደ ጎን ለጎበጠ ልጆች ነው። በአከርካሪ ቲቢ የታጠፈ ጀርባ ግን በመድኃኒትና፣ ሲብስ፣ በቀዶ ሕክምና እንጂ በድጋፍ ብቻ አይታከምም። የልጁ ጀርባ መጉበጥ ሲጀምር ጤና ጣቢያ ማሳየት እግሩ ከመድከሙ በፊት ለመድረስ ያስችላል።