ከመስኮቱ በፊት የተጀመረ ዜማ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ አነስተኛ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ስለ እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ስለ ሮበርት ዋያት እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ያወራሁት ታሪክ ያማረ ነበር። ሰውየው ከበሮ መቺ ነበረ፤ ከመስኮት ወደቀ፤ ዳግመኛ በእግሩ ላይቆም ቀረ፤ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖም ከዘመኑ እጅግ ውብ የዘፈን ሥራዎች አንዱን ወለደ አልሁ። «ስቃይ የጥበብ እናት ናት» ብዬም ደመደምሁ። ተጨበጨበልኝ። ዝግጅቱ ሲያበቃ ግጥም የምትሞክር አንዲት ወጣት ቀረብ ብላ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ለመጻፍ የግድ መውደቅ አለብን ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ያን ዕለት ምን እንደመለስሁላት ዛሬ አላስታውስም። መልስ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ግን አስታውሳለሁ።

ይህችን መጣጥፍ የምጽፈው ዘግይቼም ቢሆን ዕዳዬን ለመክፈል ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ የዋያትን ሕይወት በቀንና በዓመት እየደረደርሁ ስመረምር፣ የተናገርሁት ታሪክ ያማረ እንጂ የቀና እንዳልነበረ ተረዳሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ዋያት በ1945 በብሪስቶል ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት ነው። እናቱ ኦኖር ዋያት ጋዜጠኛና የሬዲዮ ሰው ነበረች፤ የባለቅኔው የሮበርት ግሬቭስም ወዳጅ። ልጅየውም በወጣትነቱ ግሬቭስ ወደሚኖርበት ወደ ማዮርካ ደሴት ሄዶ ከባለቅኔው ዘንድ ሰንብቷል። እንግዲህ ይህ ከበሮ መቺ ከመጀመሪያው የቃላት ጎረቤት ነበረ ማለት ነው።

በ1966 ከኬቪን ኤየርስ፣ ከማይክ ራትሌጅና ከአውስትራሊያዊው ዴቪድ አለን ጋር ሆኖ ሶፍት ማሽን የተባለውን ባንድ መሠረተ። ስሙም ቢሆን ከመጻሕፍት መደርደሪያ የተወሰደ ነው፤ የአሜሪካዊው ደራሲ የዊልያም በሮውዝ ልቦለድ ርዕስ ነበር። ዘመኑ የሳይከደሊክ ሙዚቃ ዘመን ነው። ወጣቱ በድምፅ፣ በብርሃንና በአደንዛዥ ዕፅ ከዕለት ተዕለት ንቃቱ ወዲያ ማዶ ለመሻገር የሚሞክርበት ጊዜ። ሶፍት ማሽን በለንደን ዩፎ በተባለው የሌሊት ክበብ ከፒንክ ፍሎይድ ጋር መድረክ ተጋራ፤ በ1968ም ከጂሚ ሄንድሪክስ ጋር አሜሪካን ዞረ። ዋያት ከበሮውን እየመታ ይዘፍን ነበር። ድምፁ ቀጭን፣ ከፍ ያለና ስስ ነው። እኛ እንጉርጉሮ የምንለው ዓይነት፣ ሰው ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ለራሱ የሚያሰማው ድምፅ።

ነገር ግን ባንዱ ቀስ በቀስ ድምፁን መጣል ጀመረ። ጓደኞቹ ወደ ጃዝ፣ ቃል ወደሌለው ረቂቅ ሙዚቃ አዘነበሉ። በ1970 በወጣው ሦስተኛ አልበማቸው ላይ ካሉት አራት ረጃጅም ሥራዎች የሰው ድምፅ የሚዘፍንበት አንዱ ብቻ ነው፤ የዋያት «ሙን ኢን ጁን»። አብዛኞቹንም መሣሪያዎች የተጫወተው እርሱ ራሱ ነበር። በ1971 የወጣው አራተኛው አልበም ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ መዝሙር አልባ ሆነ። በዚያው ዓመት ዋያት ባንዱን ለቀቀ። «ለቀቀ» የሚለው ቃል ለወጉ ነው፤ እርሱ ራሱ ተገፍቼ ነው የወጣሁት ይላል። በገዛ እጁ ከመሠረተው ቤት።

የተገፋ ሰው ምን ያደርጋል? ዋያት ተቀኘ። ላቋቋመው አዲስ ባንድ «ማቺንግ ሞል» የሚል ስም አወጣለት። እንግሊዝኛውን እንደወረደ ለሚሰማ ሰው ነገሩ ስለ አንዲት ፍልፈል ወይም ስለ አንድ የቆዳ ነጥብ ይመስላል። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ግን ይፈግጋል፤ «ማሺን ሞል» በፈረንሳይኛ «ሶፍት ማሽን» ማለት ነውና። ሰሙ ፍልፈል፣ ወርቁ የተቀማ ቤት። በኅብረ ቃል ያደግን ሰዎች ይህን ቁስል ለመረዳት ማብራሪያ አያሻንም። ባንዱ በ1972 ሁለት አልበሞችን አወጣና ተበተነ።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት ደረስን፤ ቀኖቹን ልብ በሉልኝ። ከ1972 ወደ 1973 በተሻገረው ክረምት የዋያት ወዳጅ፣ በኋላም ሚስቱ የሆነችው ሠዓሊዋ አልፍሬዳ ቤንጅ፣ ኒኮላስ ሮግ በቬኒስ ከተማ ይሠራው በነበረው ፊልም ላይ ትሠራ ነበር። ዋያት አብሯት ሄደ። ሥራ አልነበረውም። ቀኑን ሙሉ ብቻውን፣ በውኃ በተከበበች ከተማ ውስጥ፣ አልፊ ባመጣችለት ትንሽ ኦርጋን ላይ ጣቶቹን ሲያንሸራሽር ይውል ነበር። የ«ሮክ ቦተም» ዜማዎች የተጸነሱት እዚያ ነው።

የወደቀው ሰኔ 1 ቀን 1973 ነው። በለንደን በአንድ ግብዣ ላይ፣ ሰክሮ ሳለ፣ ከፎቅ መስኮት ወደቀ። የጀርባ አጥንቱ ተሰበረ፤ ከወገቡ በታችም ሽባ ሆነ። ዕድሜው 28 ዓመት ነበር።

እንግዲህ ዜማዎቹ ከመስኮቱ በፊት ነበሩ። መውደቁ አልወለዳቸውም፤ እንዲያውም ሊያጠፋቸው ይችል ነበር። እኔ በዚያ ምሽት አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የናቱን ክብር ለአደጋው ሰጥቼ፣ እውነተኛዋን እናት፣ ያን ሥራ ፈት፣ ጸጥተኛና የተወደደ ክረምት፣ ረስቻት ነበር።

ይህን ስል አደጋው ምንም አልለወጠም ማለቴ አይደለም። ዋያት የተወሰደው ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን በ1944 የአከርካሪ ጉዳተኞች ክፍል ያቋቋመበት፣ የፓራሊምፒክም ውድድር መነሻ የሆነው ቤት ነው። ከወራት አልጋ በኋላ ዋያት በተሽከርካሪ ወንበር መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ በጠያቂዎች ክፍል ውስጥ አንድ አሮጌ ፒያኖ አገኘና የቬኒሱን ሥራ ቀጠለ። ከዚህ በኋላ በሁለት እግር የሚመታውን የከበሮ ስብስብ መጫወት አይችልም። ከበሮ መቺነቱ ሲቀር የባንድ አባልነቱም አብሮ ቀረ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ዘፈን የሚስማማውን ተጫዋች እየመረጠ መጥራት ቻለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ የተገፋ ድምፅ የቤቱ ባለቤት ሆነ።

ሌላም ነገር አለ፤ ብቻውን አልተነሣም። በኅዳር 1973 ፒንክ ፍሎይድና ከሁለት ዓመት በፊት ያስወጣው ሶፍት ማሽን ሳይቀር በለንደን ሬይንቦው ቲያትር ለእርሱ መርጃ ተጫወቱ። የፒንክ ፍሎይድ ከበሮ መቺ ኒክ ሜሰን የአልበሙ ፕሮዲዩሰር ሆነ። ከአፓርታይድ የተሰደደው ደቡብ አፍሪካዊ ሞንጌዚ ፌዛ ጥሩንባውን፣ ስኮትላንዳዊው ባለቅኔ አይቨር ከትለር ድምፁን ይዘው መጡ። አልፊ የሽፋኑን ሥዕል ሣለች፤ በስሟ ላይ በተቀኘው ዘፈን መጨረሻም በገዛ አንደበቷ መልስ ትሰጠዋለች። «ሮክ ቦተም» የወጣው ሐምሌ 26 ቀን 1974 ነው፤ ያ ቀን የሮበርትና የአልፊ ሠርግ ቀንም ነበር። ርዕሱ በእንግሊዝኛ የመጨረሻውን የመውደቅ ደረጃ ያመለክታል። እኔ ግን ስሰማው የባሕር ወለል ይታየኛል፤ ሰምጠው የሚደርሱበት፣ ሲደርሱም እግር ሳያሻ የሚንሳፈፉበት ሥፍራ።

በዚያው ዓመት መስከረም ዋያት ቀለል ያለ የታወቀ የፖፕ ዘፈን ደግሞ ዘፍኖ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ተሽከርካሪ ወንበሩ ለቤተሰብ መዝናኛ እንደማይመች ተነግሮት በሌላ ወንበር እንዲቀመጥ ተጠይቆ ነበር። እምቢ አለ። ተመልካቹም ሰውየውን እንዳለ፣ ከነወንበሩ አየው።

ከ1975 በኋላ ዋያት ለዓመታት የራሱን አልበም ሳያወጣ ቆየ። በ1980 ብቅ ሲል የራሱን ሳይሆን የሌሎችን ዘፈኖች ይዞ ነበር፤ የቺሊያዊቷን የቪዮሌታ ፓራን፣ የኩባን፣ የጥቁር አሜሪካውያንን። ራሱን የሚያስተዛዝንበት ምክንያት ሞልቶት ሳለ ድምፁን ለሰው ሐዘን አከራየ። በ1982 ብሪታንያና አርጀንቲና በፎክላንድ ደሴቶች ሲዋጉ ክላይቭ ላንገር ዜማውን፣ ኤልቪስ ኮስቴሎ ግጥሙን የሠሩለትን «ሺፕቢልዲንግ» ዘፈነ። መርከብ መሥሪያው በመዘጋቱ ሥራ ያጣ ከተማ አለ፤ ጦርነቱ ሥራውን ይመልስለታል፤ የሚሠሩት መርከቦች ግን የከተማውን ልጆች ጭነው ይሄዳሉ። ለልጅ ብስክሌት መግዣ የሚሆነው ገንዘብ የልጁ ዋጋ ነው። በዚያ ጦርነት 255 ብሪታንያውያንና 649 አርጀንቲናውያን ወታደሮች ሞተዋል። ዋያት ግን አይጮህም። ወሬውን በመስኮት እንደሰማ ጎረቤት ዝቅ አድርጎ ያንጎራጉራል፤ ሰሚም የሚያፍረው ስለዚህ ነው። በ1985ም ለናሚቢያ ነፃነት ከሚታገለው የስዋፖ መዘምራን ጋር ዘፍኗል።

በኋላ ዘመኑ ከአልፊ ጋር በሊንከንሻየር፣ ላውዝ በምትባል ጸጥተኛ ከተማ ተቀመጠ። ብዙዎቹን ግጥሞች የጻፈችው እርሷ ናት። በ1997 «ሽሊፕ»፣ በ2003 «ኩኩላንድ»፣ በ2007 «ኮሚኮፔራ» ወጡ። በዚህ በመጨረሻው ላይ፣ በኢራቅ ጦርነት ማግስት፣ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ጋር መጣላቱን ለማሳየት የአልበሙን ሦስተኛ ክፍል በጣልያንኛና በስፓንኛ ዘፈነ፤ የሎርካም ግጥም በውስጡ አለ። ገጣሚ የተከፋበትን ቋንቋ ለጊዜው ዘግቶ ሲወጣ ማየት ለእኛ ለቃል ወዳጆች ቀላል ነገር አይደለም። በ2014 ደግሞ ሙዚቃ መሥራት ማቆሙን አስታወቀ። ያለ ስንብት ጉዞ፣ ያለ ጡሩንባ። ሲወድቅ ያልቆመው ሰው፣ በቃኝ ሲል ቆመ።

እንግዲህ እኅቴ፣ የት እንዳለሽ ባላውቅም መልሴ ይህ ነው። የለም፣ መውደቅ አያስፈልግሽም። የሚያስፈልግሽ ያ የቬኒስ ክረምት ነው፤ ማንም የማይጠብቅሽ ቀን፣ አንዲት ትንሽ መሣሪያ፣ ያመጣችልሽ ሰው። መውደቅ ቢመጣ ግን፣ እርሱ ሳይጠሩት ይመጣልና፣ ከዚያ በፊት የጀመርሽው ነገር ይኑርሽ፤ በጠያቂዎች ክፍል አሮጌ ፒያኖ ስታገኚ ከየት እንደምትቀጥዪ ታውቂያለሽ።

ቸር እንሰንብት።