የትምህርት ቤት ደኅንነት ፍተሻ (ካርቱም)

በጦርነት የተዘጋን ትምህርት ቤት ዳግም ከመክፈት በፊት ያሉበትን አደጋዎች መርምሮ የማስወገድ ሥራ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲቀሰቀስ የካርቱም ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ አንዳንዶቹም የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። ጦሩ የካርቱምን ግዛት ሙሉ በሙሉ መቆጣጠሩን ያወጀው ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።

እንዲህ ባለ ከተማ ፍተሻው ከአጥርና ከዘበኛ አይጀምርም፤ ከመሬቱ ይጀምራል። አሸዋ ውስጥ ግማሹ የተቀበረ ያልፈነዳ ቦምብ ለልጅ ዓይን መጫወቻ ይመስላል። ስለዚህ ባለሙያ ግቢውን ሳያጸዳ መምህርም ቢሆን መጥረጊያ ይዞ መግባት የለበትም። የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦና የውኃው ንጽሕና ከዚያ በኋላ ይታያሉ።

ተማሪዎችም ይሠለጥናሉ፦ የማያውቁትን ብረት ያዩ ልጆች ሳይነኩት፣ በመጡበት ዱካ ተመልሰው ለአዋቂ ይንገሩ።