ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፦ ከዓመታት በኋላ ምን ይከተላል?

ከጁባ ተነሥቶ ለሕክምና ወደ ናይሮቢ፣ ካምፓላ ወይም ካይሮ መጓዝ የተለመደ ነው። ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አድርጎ የሚመለስ ሰው ግን ሐኪሙን በውጭ አገር ትቶ ይመጣል፤ ክትትሉ ደግሞ የዕድሜ ልክ ነው።

የዘለቄታ ውጤቱን ካጠኑት ቀዳሚው በአውሮፓውያኑ 1987 በስዊድን የተጀመረው ጥናት ነው። ቀዶ ሕክምና ካደረጉ የስኳር ሕሙማን 72 በመቶው ከ2 ዓመት በኋላ ከበሽታው ምልክት ነጻ ነበሩ፤ ከ15 ዓመት በኋላ ግን ይኸው አኃዝ ወደ 30 በመቶ ወርዷል። ያም ሆኖ ከልክ ያለፈ ውፍረት ኖሯቸው ቀዶ ሕክምናውን ካላደረጉት ይልቅ በአማካይ 3 ዓመት ገደማ ረዝሞ የመኖር ዕድል ታይቶባቸዋል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፣ በተለይም ምግብ የላይኛውን አንጀት ዘሎ እንዲያልፍ ከተደረገ፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ እና ቢ12 በበቂ መጠን ወደ ደም አይገቡም። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ በመሆኑ ረጅም ጾም የሚጾሙ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ ጉድለቱም ከዓመታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡናም ብረትን ያስቀራል።

እጅግ አስቸኳዩ የማያባራ ትውከት ነው። ቫይታሚን ቢ1 በሳምንታት ውስጥ ተሟጥጦ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ወባ በበዛባት ጁባ ትውከትና ድካም “ወባ ነው” ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ቢ1 ሳይሰጥ ግሉኮስ መስቀል ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ታካሚው የቀዶ ሕክምናውን ዓይነትና ቀን የሚገልጽ ወረቀት ይዞ አስቀድሞ ለሐኪሙ ማሳየት ይኖርበታል።